ስድስቱ ቀይ ኖታዎች

ባለፈው ወር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈተና ላይ ሳለን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አዲስ ላጲስ አውጥታ የሳለችውን ግራፍ ማጥፋት ጀመረች። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ያ ጣፈጥ የሚል የጎማ ሽታ። ቀጥሎ ወረቀቱ ሲፈገፈግ ተሰማኝ፤ ከዚያ ፍርፋሪውን እፍ ስትለው። እጄ መልስ መስጫው ላይ ቆመ። ፈታኙ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ "አሞሻል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም። ለሌላው ሰው የትምህርት ቤት ሽታ የሆነው ለእኔ የአንድ ማክሰኞ ከሰዓት ሽታ ነው።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ከሚወጣው ዳገት ገባ ብሎ ነው፤ ቢሮው ከአዳራሹ ጀርባ የተለጠፈ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሸማኔ ይሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። በመስኮቱ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ሸማኔውንም እኛንም ያስረሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ብቸኛ ኮምፒውተር እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር የተቀመጠው።

የመዘምራኑ መሪ በወጣትነታቸው በሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መዝሙሮቻችንን ራሳቸው ይደርሳሉ፤ ለአራቱም ድምፆች፣ ለሴቶቹ ሶፕራኖና አልቶ፣ ለወንዶቹ ቴኖርና ቤዝ፣ ኖታውን በአምስቱ መስመሮች ላይ ይጽፋሉ። ጽሑፉ ሁሉ በአንድ ወፍራም ጥቁር ደብተር ውስጥ ነበር፤ ሁሉም በእርሳስ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

በእርሳስ የሚጽፉበትን ምክንያት ያወቅሁት መዘምራኑን የተቀላቀልኩ ዕለት ነው። ከአልቶዎቹ ጋር አቁመው ወደ ላይም ወደ ታችም አስዘመሩኝ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ላጲስ አወጡና ደብተሩ ላይ አንዲት ነጥብ አጥፍተው ትንሽ ከፍ አድርገው ጻፏት። "ይኸው፤ አሁን ያንቺም ሆነ" አሉኝ። አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አንዱ ቴኖር አግብቶ ክፍለ ሀገር ሲሄድ የእሱን ቦታ አጥፍተው ለቀሩት ይጽፉታል። አንዷ ሶፕራኖ ስትወልድና ድምፅዋ ሲወፍር ለእሷም ያስተካክሉላታል። ዜማው ሁልጊዜ በዚያ ሰሞን አዳራሹ ውስጥ ለቆመው ሰው ልክ ነበር። ያን ቀን የላጲሱ ሽታ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለእኔ ተብሎ የሆነ ነገር ሲጠፋና ሲጻፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። እርሳሱ ጨርሶ አልታይ አላቸው። ሐኪሞቹ ምን እንዳሏቸው ባይነግሩንም ደረጃውን በእግራቸው እየፈለጉ ሲወርዱ እናይ ነበር። ብርሃኑ ጨርሶ ሳይሄድ ደብተሩ በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ፤ በትልልቁ ይታተም፤ ከእሳቸው በኋላም ይኑር ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው ኦርጋን ተጫዋቻችን ነበር፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሲናገር እየቀለደ፣ ሲሠራ እያፏጨ። ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነ። ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ንጹሕ ስለሆነና እምቢ ማለት ስለማላውቅ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ኮምፒውተር የምነካው በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ለአምስት ሆነን፣ በየተራ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የአባላት መዝገብ፣ የሰርግ ወረቀቱ፣ ደብዳቤው ሁሉ በዚያ አንድ ማሽን ውስጥ መሆኑን ስሰማ ከወንበሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንድ ነገር ተሳስቼ ብነካ የሰው ሁሉ ስም የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር።

"አይፈነዳም፣ ንኪው!" አለኝ ኦርጋን ተጫዋቹ።

"ብሰርዘውስ?"

"ምኑን?"

"እኔ እንጃ። የሆነ ነገር።"

"ማውሱን እንደ እንቁላል ነው እኮ የያዝሽው። በቃ፣ መጀመሪያ ርዝመቱን ምረጪ፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ጫን አድርጊ።"

ጫን አደረግሁ። ኖታዋ መስመሩ ላይ ቁጭ አለችና "ዲን" አለች። ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። ድምፅ እንደሚያወጣ አልነገረኝም ነበር። እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር ነበር። ወረቀት ላይ ያልጻፍክበት ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ፕሮግራም ውስጥ ግን ባዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ገና አንዲት ኖታ ሳልጽፍ ገጹ በሙሉ ዝም በሉ በሚሉ ምልክቶች ተሞልቶ ጠበቀኝ። ኖታ ባጠፋሁ ቁጥርም በቦታዋ ወዲያው የዝምታ ምልክት ይቀመጣል። "ዕረፍት ነው የሚባለው" አለኝ ኦርጋን ተጫዋቹ። እኔ ግን የሆነ ሰው ከውስጥ ሆኖ የጎደለውን ሁሉ የሚመዘግብብኝ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋና የአንድ ከሰዓት ሥራዬ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ኖታ ካስገባሁ በኋላ ሴቭ አደርግ ነበር። አንድ ኖታ፣ ሴቭ። አንድ ኖታ፣ ሴቭ። ጣቶቼ በራሳቸው ለመዱት። እንደምታዩት ጥንቃቄዬ ከፍርሃቴ ነው የተወለደው፤ ሰው ግን ጨዋነት ነው ብሎ ያመሰግነኝ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ መሪያችን ሥራዬን ሊሰሙ ይመጣሉ። ስክሪኑን ማየት ስለማይችሉ የጻፍኩትን ማሽኑ እንዲያጫውተው አደርጋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዳምጣሉ። ያ መዳፍ ብድግ ካለ ስህተት አለ ማለት ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም ነበር።

"አቁሚው። ቤዙ ሰክሯል።"

"የቱ ጋ፣ ጋሼ?"

"ሁለተኛው መስመር ሊያልቅ ሲል። ቤዙን አትቆጪው ታዲያ፣ ያጠጣሽው አንቺ ነሽ።"

ኦርጋን ተጫዋቹ ከበሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ ፊቴ እየነደደ ደብተሩን አያለሁ። ታዲያ እሳቸው የጻፉት ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ከተገኘ ላጲሱን ከኪሳቸው አውጥተው ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። "ደብተሩና ማሽኑ ካልተስማሙ አንዳቸው ዋሽተዋል። አስታርቂያቸው" ይሉኛል። እኔም ደብተሩን አርሜ ከማሽኑ ጋር አስታርቃቸው ነበር። ኋላማ የራሴን አዲስ ነጭ ላጲስ ገዛሁ።

ቀዩን ቀለም ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ የሶፕራኖን ኖታ በጣም ታች ሳስገባው ቀይ ሆነ። ደንግጬ ኦርጋን ተጫዋቹን ጠራሁት። "የሰው ጉሮሮ እዚያ አይደርስም ማለቱ ነው። ተሳስተሻል እያለሽ ነው" አለኝ። አስተማሪዎቼ ሁሉ ስህተት የሚያርሙት በቀይ ስለነበር ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ገጼ ላይ ቀይ ሳይ እስካጠፋው ድረስ አላርፍም።

ደብተሩ ሊያልቅ አንድ መዝሙር ቀረ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈ አጭር መዝሙር፤ እኔ ከገባሁ ወዲህ አንድም ቀን ዘምረነው አናውቅም። መሪያችን ደብተሩን ሲሰጡኝ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ ትንሽ አቆዩት። "ይቺን ጥንቅቅ አድርገሽ ጻፊልኝ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ብቻዬን ነበርኩ። መዝሙሩ መሃል ላይ ሦስቱ ድምፆች ዝም ይሉና አልቶ ብቻዋን ቁልቁል ትወርዳለች፤ ሰባት ኖታ። አስገባኋቸው። ሰባቱም ቀይ ሆኑ። ደብተሩን ደጋግሜ አየሁ፤ የተሳሳትኩት እኔ አይደለሁም፣ እንደዚያው ነበር የተጻፈው። እንግዲህ ዓይናቸው ሲደክም የጻፉት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥንቅቅ አድርገሽ ብለውኛል። ሰባቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ፣ እኛ አልቶዎች ወደምንደርስበት አነሣኋቸው። ሳነሣቸው ዜማው ከፊቱ ካለው ጋር አልገጥም ሲለኝ ሌላ ሌላ ኖታ መረጥኩላቸው። ቀዩ ጠፋ። ገጹ ጥቁርና ነጭ፣ ንጹሕ ሆነ። ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት።

ከዚያ አዲሱን ላጲስ አወጣሁ። ደብተሩንና ማሽኑን ለማስታረቅ። እርሳሱ የቆየ ስለነበር በቀላሉ አልለቅ አለ፤ አጥብቄ ፈገፈግሁት፤ ፍርፋሪውን እፍ አልኩት። በላዩ አዲሶቹን ሰባት ኖታዎች በሚያምር እጄ ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት ምን እንደሚሉኝ እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ኦርጋን ተጫዋቹ የገባው ያን ጊዜ ነው። "ጨረስሽ? አሰሚኝ እስቲ" አለ። ፋይሉን እንደገና ከፍቼ አሰማሁት። መሃሉ ላይ ፊቱ ተለወጠ።

"የታችኛውስ?"

"የቱ የታችኛው?"

"እዚህ ጋ ትወርዳለች እኮ። የጋሼ ባለቤት ነበሩ የሚዘምሩት። ሕፃን ሆኜ ፊት ለፊት ነበር የምቀመጠው፤ እሳቸው ሲወርዱ አግዳሚው ወንበር ሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሞቱ በኋላ ጋሼ ይቺን መዝሙር ለማንም አላስተካከሏትም። ሁሉን ሲያጠፉ ሲጽፉ ይቺን ብቻ አልነኳትም።" ከዚያ ደብተሩን አየ። ቀና ብሎ ላጲሱን አየ። "ምን አደረግሽ?"

ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ወደ ኋላ የምትመልሰው ቀስት ደብዝዛለች፤ ዘግቼው ስለነበር የሠራሁትን ረስታዋለች። ማሽኑ የሚያውቀው የእኔን ሰባት ኖታ ብቻ ነበር። ደብተሩን ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኩት፤ እርሳሱ የሄደበት ጉድጓድ ይታይ እንደሆነ። አጥብቄ ስለፈገፈግሁት ወረቀቱ ጸጉር አብቅሎ ነበር። በላዩም ጽፌበታለሁ። ከግድግዳው ማዶ ጧ፣ ጧ ይላል። ያንን ድምፅ ያን ያህል የጠላሁት ቀን የለም።

የእናቴን ሱቅ የምታውቁት ከሆነ ሽሮ ሜዳ ከታክሲ መውረጃው ብዙ አይርቅም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወደ እሷ ሮጥኩ። ነጠላ እያጣጠፈች ነበር።

"እማ፣ የመሪያችን ባለቤት ትዝ ይሉሻል? ሲዘምሩ?"

"እንዴት አይሉኝም! ምን ዓይነት ድምፅ መሰለሽ፤ እንደ ጋቢ የሚሞቅ።"

"ዜማውስ? እስቲ አዚሚልኝ።"

ነጠላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ግራ ተጋብታ አየችኝ። "ውይ፣ ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ዜማውን ግን... ምነው? ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ።"

"ምንም አልሆንኩም" አልኳት። ካሴት አልነበረም፣ የተቀረጸ ነገር አልነበረም። ለመሪያችን ሄጄ ልናገር ብዬ ደጃፋቸው ድረስ ወጥቼ በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ፤ ሰው በእኔ ከሚያዝን ብታመም እመርጥ ነበር።

ኦርጋን ተጫዋቹ ቢሮው ውስጥ ጠበቀኝ። ሳያፏጭ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሚያስታውሳት ከዚያች ንዝረት ተነሥተን ሰባት ዝቅተኛ ኖታዎች ገምተን ጻፍን። ደስ የሚል ነበር። ቀይም ነበር። "ላይለዩት ይችላሉ" አለ፤ ግን ሲለው መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ሐሙስ መጡ። ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘረጋ። "በይ አሰሚኝ" አሉ። ነካሁት። አራቱ ድምፆች ጀመሩ፣ ሦስቱ ዝም አሉ፣ አልቶዋ ብቻዋን ወረደች። መዳፋቸውን አየሁት። አልተነሣም። እስከ መጨረሻው አልተነሣም። ለአንድ አፍታ ያለፈልኝ መስሎኝ ነበር።

"ይቺ ማናት?" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"እ... አልቶዋ ናት፣ ጋሼ።"

"አልቶ መሆኗንማ ሰማሁ። ማናት ነው የምልሽ። እኔ አላውቃትም።"

ከዚያ በኋላ ያልኩትን በሙሉ አላስታውስም። "አጠፋሁት" ማለቴን አስታውሳለሁ። "ቀይ ስለሆነ። ደብተሩ ላይም አጠፋሁት። ይሄ ግምት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።" ኦርጋን ተጫዋቹ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባና፣ "እኔም ገምቻለሁ፣ ጋሼ" አለ።

ደብተሩን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸውን በገጹ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት፤ ወረቀቱ የሻከረበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ነው?"

"አዎ።"

"ደህና አድርገሽ ነው ያጠፋሽው።"

ይቆጡኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሸማኔው ስንት ጊዜ እንደመታ እንጃ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ከዚያ ቦታ አላነሡም። በመጨረሻ፣ "የእኔ ላጲስ ነው ያስተማረሽ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማሽኑን አዘጋጂ።"

ዘመሩት። ወንድ ስለሆኑ እዚያ መድረስ አላስቸገራቸውም፤ ግን ድምፃቸውን አቅጥነው፣ የሌላ ሰው ልብስ ከሳጥን እንደሚያወጣ ሰው ተጠንቅቀው ነበር የዘመሩት። የመጀመሪያዋን ጻፍኩ። ቀይ ሆነች። እጄ ቆመ።

"ምን ሆነ?"

"ቀይ ሆነ፣ ጋሼ። የሴት ድምፅ እዚያ አይደርስም ማለቱ ነው።"

ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። "ማን አለ? ማሽኑ? ማሽኑ እሷን መቼ ሰማት!"

ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ላይ ቆሙ። ከመጀመሪያው ተነሥተው እንደገና ሞከሩት፤ ያው ቦታ ላይ ቆሙ። "ትወርዳለች... ወይስ እዚያው ትቆያለች?" አሉ። እንዲህ ዘመሩት፣ እንዲያ ዘመሩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአምስተኛዋ ጀምሮ ያሉትን ጨርሰው ተመለሱባት። የለችም። ኦርጋን ተጫዋቹ አፉን ሊከፍት ሲል በእጃቸው ዝም አሰኙት።

"ይቺን ረስቻታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ደብተሩ ላይ አለች ብዬ ነበር የተውኳት።"

ማክሰኞ ዕለት ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ያኔ ነው። ስድስቱን እሳቸው ይዘዋቸው ነበር። ሰባተኛዋ ከእርሳሱ በስተቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልነበራትም።

ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ "ምንም ካላስገባሽበት ምን ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዕረፍት ያስቀምጥበታል፣ ጋሼ። የዝምታ ምልክት።"

"እንግዲያው ይሁን፤ ዝም ትበል። ግምት አታስገቢባት።" ተነሥተው በሩን በእጃቸው ፈለጉ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ሰው ከጠየቀሽ እዚያ ጋ ትንፋሽ ትወስድ ነበር በይ።"

"ትወስድ ነበር እንዴ?"

"አትወስድም ነበር" አሉ። "በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትጨርሰው።"

አሁን የራሴ ላፕቶፕ አለኝ። ፕሮግራሙን ከዚያ ወዲህ በደንብ ተምሬዋለሁ፤ ቀዩን ቀለም ማጥፊያ ቦታ እንዳለውም አውቃለሁ፣ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። አልነካሁትም። ፋይሉ በሦስት ፍላሽ ላይ አለ፤ አንዱ እናቴ ሱቅ ነጠላ መሃል፣ አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ጋ፣ አንዱ ዶርም ትራሴ ሥር።

መሪያችን ዛሬ ምንም አያዩም። እሑድ ከሰዓት ስደውልላቸው ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዲት ነገር ይጠይቁኛል።

"አለች?"

"አለች፣ ጋሼ።"

ይህን ከመመለሴ በፊት ግን፣ እሳቸው በዚያኛው ጫፍ ዝም ብለው ሲጠብቁ፣ ፋይሉን ከፍቼ ስድስቱን እቆጥራለሁ።